የአምባሰል ዳገት የማን ነው?

መስከረም 21 ቀን ለግሸን ማርያም ንግሥ ዳገቱን የሚወጣው ምእመን ጧፍ፣ ዕጣን፣ የስለት ጃንጥላ ይዞ ነው። በአምባሰልና በሐይቅ ዙሪያ ሌላም ልግስና ያለፈበት ምልክት አለ፤ በተራራው ወገብ የተካበው የድንጋይ እርከን። እርዳታ ለተራበ ሰውም ለተራቆተ መሬትም ይደርሳል የሚለው ሐሳብ ወሎ ላይ ከአርባ ዓመት በላይ ተሞክሯል። ለገበሬው ፍትሕ አምጥቶለታል ወይ የሚለው ግን ዛሬም ያከራክራል።

ነገሩ የሚጀምረው ከረሃቡ ነው። ወሎ በ1966ም በ1977ም ዓ.ም. ልጆቿን ቀብራለች። በደርግ ዘመን የዓለም ምግብ ፕሮግራም እህል አቀረበ፤ ሥራው በገበሬ ማኅበሩ በኩል ተመራ። የአንድ ቀን ዋጋው 3 ኪሎ ስንዴና 120 ግራም ዘይት ነበር። ድንጋይ ተካበ፣ ችግኝ ተተከለ፣ ዳገቱ ከከብት ተከለለ። ከንቱ ልፋት ነበር ማለት ግፍ ነው፤ አፈሩን የያዘ እርከን አሁንም አለ። ሸክሙ ግን እኩል አልወደቀም። ሰፊ ማሳ ያለው ከብቱን በገለባ ያከርማል፤ መሬት የሌላት ባልቴት ግን ፍየሏን የምታሰማራው እዚያው በተከለለው ዳገት ላይ ነበር። የተተከለው ዛፍ የማን እንደሚሆንም የነገራት አልነበረም። ደርግ በ1983 ሲወድቅ በወሎ ብዙ ቦታ ያ ዛፍ በመጥረቢያ ወረደ። የራሴ ነው ብሎ ያላመነበትን ማን ይጠብቃል?

በ1987 የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 44 ንጹሕና ጤናማ አካባቢ መብት ነው ብሎ ደነገገ። መብት ለማስከበር ገንዘብ ያስፈልጋል። በ2001 የወጣው የበጎ አድራጎት ድርጅቶችና ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 621 ደግሞ ከገቢው ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ የሚያገኝ ድርጅት በመብት ጉዳይ እንዳይሠራ አገደ። ችግኝ ማስተከል ተፈቀደ፤ ዳገቱ ሲከለል ለተጎዳው መሟገት ተከለከለ። አዋጁ በ2011 በአዋጅ ቁጥር 1113 እስኪሻር ድረስ ያለፉት አሥር ዓመታት፣ በእኔ እምነት፣ ከድርቁ ባልተናነሰ ጎድተውናል።

ዛሬ ከአዲስ አበባም ሆነ ከባሕር ማዶ ለወሎ ተራራ የሚያዋጣ ሰው ከችግኙ ቁጥር በፊት የቀበሌውን መተዳደሪያ ደንብ ይጠይቅ። ከተከለለው ዳገት የሚታጨደው ሣር እንዴት ይከፋፈላል? በሬ የሌለው ቤት ድርሻ አለው? የጥበቃውን ደመወዝ ማን ይከፍላል? መዋጮው ለጥበቃው ደመወዝና ለንብ ቀፎ ቢውል፣ ቀፎውም ግጦሽ ለተከለከሉት ቅድሚያ ቢሰጥ፣ ያቺ ባልቴት ፍየሏን በከለከላት ዳገት ላይ ማር ትቆርጣለች።