ሀብ ቀዳዳ ያበዛል እንጂ ኃይል አያበዛም
ስለ ዩኤስቢ ሀብ አመራረጥና አጠቃቀም



በትምህርት ማዕከሎቻችን ኮምፒውተሩ አንድ ነው፣ የሚሰካበት ዕቃ ግን ብዙ ነው። ማውስ ይሰካል፣ ኪቦርድ ይሰካል፣ ፕሪንተር ይመጣል፣ ተማሪው ደግሞ ፍላሹን ይዞ ተራ ይጠብቃል። ላፕቶፑ ያለው የዩኤስቢ ቀዳዳ ሁለት ወይም ሦስት ብቻ ነው። ለዚህ ችግር የሚገዛው መፍትሔ ዩኤስቢ ሀብ ይባላል። ሀብ ትንሽ ዕቃ ናት፤ ነገር ግን ሳይታወቅ ከተገዛችና ሳይታወቅ ከተሠራባት የዓመቱን የተማሪ ውጤት የያዘ ሃርድ ዲስክ ልታበላሽ ትችላለች። ስለዚህ ከመግዛታችን በፊት አሠራሯን ብናውቅ ይጠቅማል።

ሀብ ምንድን ናት?

ድሮ ኪቦርዱም፣ ማውሱም፣ ፕሪንተሩም እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ዓይነት መሰኪያ ነበራቸው። እ.ኤ.አ. በ1996 የመጀመሪያው የዩኤስቢ ደረጃ ሲወጣ ይህን ሁሉ በአንድ ዓይነት መሰኪያ ለመተካት ታስቦ ነው። በደንቡ መሠረት አንድ የዩኤስቢ መቆጣጠሪያ ሀቦቹን ጨምሮ እስከ 127 ዕቃ ማስተናገድ ይችላል። አንዱን ቀዳዳ ወደ አራት ወይም ወደ ሰባት የምታበዛው ዕቃ ሀብ ናት። በቤታችን አንዱን ሶኬት ለብዙ የሚያካፍለውን ዲቫይደር የምትመስል ናት ማለት ይቻላል።

ታዲያ ችግሩ የት ላይ ነው? የውኃ ቦኖ አስቡ። በአንድ መስመር ላይ አራት ቧንቧ ብንቀጥል ከዋናው መስመር የሚመጣው ውኃ ያው ነው። አንዱ ብቻ ሲከፈት በደንብ ይወርዳል፤ አራቱም ሲከፈቱ ለሁሉም ይቀጥናል። ሀብም እንደዚሁ ናት።

በቁጥር እንየው። የዩኤስቢ 2.0 ቀዳዳ በደንቡ የሚሰጠው 5 ቮልትና 500 ሚሊ አምፔር ነው። የራሷ ኃይል የሌላት ሀብ ለራሷ እስከ 100 ሚሊ አምፔር ትወስዳለች። የሚቀረው 400 ለአራት ቀዳዳ ሲካፈል ለእያንዳንዱ 100 ብቻ ይደርሰዋል። ለማውስና ለኪቦርድ ይህ ይበቃል። ለኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ግን አይበቃም እኮ! ዲስኩ መሽከርከር ሲጀምር 500 ሚሊ አምፔር፣ አንዳንዱም ከዚያ በላይ ይፈልጋል።

ኃይል ሲያንስ ምልክቱ ምንድን ነው? ዲስኩ ጠቅ ጠቅ የሚል ድምፅ ያሰማል፤ ስክሪኑ ላይ ይታይና ይጠፋል፤ ኮፒው መሐል ላይ ይቆማል፤ አንዳንዴ ዊንዶውስ ራሱ ስለ ሀቡ ኃይል ማስጠንቀቂያ ያወጣል። ይህን ስታዩ «ዲስኩ ሞቷል» ብላችሁ ቶሎ አትጣሉት። ከሀቡ ንቀሉና በቀጥታ ኮምፒውተሩ ላይ ሰክታችሁ ሞክሩት። በቀጥታ ሲሰካ በደንብ ከሠራ የጎደለው ኃይል ነበር ማለት ነው። ነገር ግን ፋይል እየተጻፈ ሳለ ኃይል ከተቋረጠ ፋይሉ፣ አንዳንዴም የዲስኩ መዝገብ በሙሉ ሊበላሽ ስለሚችል ምልክቱን እያያችሁ ሥራ አትቀጥሉ።

ሁለቱ የሀብ ዓይነቶች

የመጀመሪያው ዓይነት ኃይሉን የሚያገኘው ከኮምፒውተሩ ብቻ ነው። ርካሽና ቀላል ነው፤ ለማውስ፣ ለኪቦርድና ለፍላሽ ይሆናል። ፕሪንተርም ይሰካበታል፤ ምክንያቱም ፕሪንተር የራሱ የግድግዳ ኤሌክትሪክ ስላለው ከሀቡ የሚፈልገው መረጃ ማስተላለፊያ ብቻ ነው። ከዩኤስቢ ብቻ ኃይል የሚወስድ ጠፍጣፋ ስካነር ግን ከዲስኩ ወገን ነው።

ሁለተኛው ዓይነት የራሱ አዳፕተር ኖሮት ግድግዳ ላይ ይሰካል። ለእያንዳንዱ ቀዳዳ ሙሉ ኃይል መስጠት ይችላል፤ አዳፕተሩ በቂ ከሆነ ማለት ነው። ሒሳቡ ቀላል ነው፡- አራት ቀዳዳ በ500 ሲባዛ 2000 ሚሊ አምፔር፣ ማለትም 2 አምፔር ይሆናል። ባለ ሰባት ቀዳዳ ከሆነ 3.5 አምፔር ያስፈልገዋል። ሰባት ቀዳዳ ያለው ሀብ ከ1 አምፔር አዳፕተር ጋር ከቀረበላችሁ ሰባት ዲስክ እንደማይሸከም ከሒሳቡ መረዳት ትችላላችሁ።

መብራት ሲጠፋስ?

ይህ በተለይ እኛን ይመለከታል። በጀነሬተር ወይም በሶላር በሚሠራ ክፍል ውስጥ መብራት ድንገት ሲቋረጥ ላፕቶፑ በባትሪው ይቀጥላል። ግድግዳ ላይ የተሰካው ሀብ ግን ኃይሉን ያጣል፤ በላዩ ላይ ያለው ዲስክም አብሮ ይጠፋል። ስለዚህ ላፕቶፕ ለሚጠቀም ማዕከል ደንቡ እንዲህ ቢሆን ይሻላል፡- ብዙ ኃይል የሚበላውን ዲስክ በቀጥታ ላፕቶፑ ላይ፣ ጥቃቅኖቹን ማውስና ኪቦርድ ሀቡ ላይ። እንዲህ ከሆነ መብራት ቢጠፋ እንኳ የተማሪው ውጤት የሚጻፍበት ዲስክ በላፕቶፑ ባትሪ ሥራውን ይጨርሳል። ብዙ ጊዜ በርካሹ ሀብ ብቻ ሥራችን ሊሟላ ይችላል ማለትም ነው።

ናይሮቢ ላይ ስንገዛ

ናይሮቢ ውስጥ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ በብዛት የሚገኘው ሉቱሊ አቬኑና አካባቢው ነው፤ ኢስሊም የገበያ ሕንፃዎቹ ውስጥ ይገኛል። ከናይሮቢ ካኩማ ወይም ዳዳብ የደረሰ ዕቃ ለመመለስ መንገዱ ሩቅ ስለሆነ ምርመራው ሱቁ ውስጥ ማለቅ አለበት። ዕቃውን የምትልኩትን ሰው እነዚህን ንገሩት፡-

አንደኛ፣ ላፕቶፕ ወይም የሚሰካ ዲስክ ይዞ ይሂድ። ሁሉንም ቀዳዳ አንድ በአንድ ሰክቶ ይሞክር፤ ቀጥሎ ሁሉንም በአንድ ጊዜ ሞልቶ ትልቅ ፋይል ኮፒ ያድርግ።

ሁለተኛ፣ አዳፕተሩ ላይ የተጻፈውን ያንብብ። የኬንያ መብራት 240 ቮልት ነው። አዳፕተሩ ከ100 እስከ 240 የሚል ከሆነ ጥሩ ነው። ከአሜሪካ በእርዳታ የመጣና 120 ብቻ የሚል ከሆነ ግን ይቃጠላል። መሰኪያውም ሦስት ጠፍጣፋ እግር ያለው የኬንያው ዓይነት ይሁን። በሀገራችን የለመድነው ባለ ሁለት ክብ እግር እዚህ ማስተካከያ ይፈልጋል፤ የላላ ማስተካከያ ደግሞ ኃይል ያቆራርጣል።

ሦስተኛ፣ ፍጥነቱን ይጠይቅ። እ.ኤ.አ. በ2000 የወጣው ዩኤስቢ 2.0 በሰከንድ እስከ 480 ሜጋ ቢት ያስተላልፋል። በ2008 የወጣው 3.0 እስከ 5 ጊጋ ቢት ይደርሳል፤ ብዙውን ጊዜ ቀዳዳው ውስጥ ሰማያዊ ነው፤ የሚሰጠው ኃይልም 900 ሚሊ አምፔር ነው። ነገር ግን ኮምፒውተራችሁ አሮጌና 2.0 ብቻ ከሆነ ባለ 3.0 ሀብ ብትገዙም ፍጥነቱ በ2.0 ይወሰናል። ላላችሁት ኮምፒውተር ግዙ እንጂ ለሌላችሁ አትግዙ።

አራተኛ፣ ደረሰኝና የዋስትና ጽሑፍ ይቀበል። ከውጭ በገባ ዕቃ ላይ የኬንያ ደረጃዎች ቢሮ ምልክት መለጠፉንም ይመልከት።

በክፍል ውስጥ ስንጠቀም

ስልክ ቻርጅ ማድረግ በሀቡ ላይ ይከልከል። ስልክ ለማስሞላት የሚቸገር ብዙ ተማሪ እንዳለ እናውቃለን፤ ግን አንድ ስልክ ለአራት ዕቃ የታሰበውን ኃይል ብቻውን ሊወስደው ይችላል። የቻርጅ ሰዓትና ቦታ ለብቻው ይመደብ።

ኃይል የሌላት ሀብ ላይ ሌላ ኃይል የሌላት ሀብ አትቀጥሉ። ገመድም በማርዘም አይሆንም፤ የ2.0 ገመድ ልኩ 5 ሜትር ነው። ኮፒ ሲደረግ ተራ ይያዝ። ሦስት ተማሪ ሦስት ፍላሽ በአንድ ጊዜ ቢሰካ ያው አንዱን መስመር ይካፈሉታል፤ ሦስቱም ይዘገያሉ። ፍላሽ ከመንቀላችሁ በፊት በኮምፒውተሩ ላይ ማስወጫውን ተጫኑ፤ «አሁን መንቀል ይቻላል» የሚለው መልእክት እስኪመጣ ጠብቁ። አቧራ ደግሞ ዋናው ጠላታችን ስለሆነ ሀቡ ካልተሠራበት በጨርቅ ይሸፈን።

በመጨረሻም አንድ ሐሳብ እንጨምር። እ.ኤ.አ. በ2006 ሕንድ ውስጥ ባንጋሎር የሚገኙ የማይክሮሶፍት የምርምር ክፍል ተመራማሪዎች በአንድ ኮምፒውተር ላይ ብዙ ማውስ ሰክተው፣ ለእያንዳንዱ ልጅ በስክሪኑ ላይ የራሱን ጠቋሚ የሚሰጥ ፕሮግራም ሞክረው ነበር። መነሻቸው የእኛው ዓይነት ችግር ነው፤ አንዱ ልጅ ማውሱን ይይዛል፣ ሌሎቹ ቆመው ያያሉ። ያለ ልዩ ፕሮግራም ብዙ ማውስ ብንሰካ ሁሉም አንዱን ጠቋሚ ይጎትቱታል። ይህም ቢሆን ጥቅም አለው። ሁለት ማውስ ሰክታችሁ መምህሩ አንዱን፣ ተማሪዎቹ ሌላውን በየተራ ቢይዙ መምህሩ ከቦታው ሳይነሳ ማሳየት፣ ተማሪውም ከቦታው ሳይነሳ መሞከር ይችላል። ማውስ የሚፈልገው ኃይል ጥቂት ስለሆነ ለዚህ ርካሿ ሀብ ትበቃለች።

ከመግዛታችሁ በፊት እንግዲህ አንድ ወረቀት ያዙና የምትሰኩትን ዕቃ ሁሉ ዘርዝሩ፤ ከጎኑም የየትኛውን ኃይል እንደሚበላ ጻፉ። የኮምፒውተሩን ብቻ የሚበላ ትልቅ ዕቃ አንድ ከሆነ በቀጥታ ይሰካ፣ ሁለትና ከዚያ በላይ ከሆነ ባለ አዳፕተር ሀብ ይገዛ። ምን ዓይነት ሀብ እንደሚያስፈልጋችሁ ከወረቀቱ ታገኙታላችሁ።