ከክምር ድንጋዩ ሥር ያሉት ሰዎች

ባለፈው ጥምቀት ሰሞን የአሥር ዓመት የልጅ ልጄን ይዤ መንዝ፣ ወንድሜ ዘንድ ሄጄ ነበር። ከደብረ ብርሃን ተነሥተን ጣርማ በርን አልፈን በሞላሌ በኩል ወደ መሀል ሜዳ ስናቀና ልጁ ከመስኮት አልተነሣም። «እማማ፣ ያ ክብ ክምር ድንጋይ ምንድን ነው?» አለኝ። እኔም በእሱ ዕድሜ እናቴን ይህንኑ ጠይቄያት ነበር። «የግራኝ ዘመን ነው፤ አትንኩት» ብላ ዘጋችው።

ወንድሜ ቤት ስንደርስ ነገሩ ከጥያቄ አለፈ። ከእርሻው በላይ ካለው ጉብታ ድንጋይ እያነሣ ለበጎቹ ጉሮኖ ሊሠራ ተዘጋጅቷል። «ምን እየሠራህ ነው?» ብለው «እትዬ፣ ይህ እኮ ባለቤት የሌለው ድንጋይ ነው» አለኝ። ማታ እሳት ዳር ቁጭ ብለን ባለቤት እንዳለው ነገርኩት። ያልኩትን ለእናንተም ላካፍላችሁ።

ከከተሞቻችን የቀደሙ መቃብሮች

ልጆቻችንን አንኮበር ስንወስዳቸው የነገሥታቱን ታሪክ እንነግራቸዋለን። ደብረ ብርሃንንም አፄ ዘርዓ ያዕቆብ በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን እንደ ቆረቆሯት ያውቃሉ። በመንዝና በግሼ ደጋ ላይ ያሉት ክምሮች ግን ከሁለቱም ይቀድማሉ።

በእኛ አቆጣጠር በ1990ዎቹ ፈረንሳውያኑ ተመራማሪዎች ፍራንስዋ-ዛቪዬ ፎቬልና በርትራን ፕዋሶንዬ መንዝ ውስጥ መሻለ ማርያም በሚባለው ቦታ ቁፋሮ አካሄዱ። ሥራው በሌሎች ጉብታዎችም ቀጠለ። ክምሮቹ መቃብር መሆናቸው፣ ዘመናቸውም ከ10ኛው እስከ 14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን እንደሆነ ታወቀ። ግራኝ አሕመድ የተነሣው በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ነው። ስለዚህ እናቴ «አትንኩት» ማለቷ ልክ ነበር፤ ዘመኑን ግን አሳጥራዋለች።

ሟቾቹ ራሳቸውን ምን ብለው ይጠሩ እንደነበር የጻፈልን የለም። ተመራማሪዎቹ በአካባቢው ወንዝ ስም «የሻይ ባህል» አሏቸው፤ ከምንጠጣው ሻይ ጋር አይገናኝም። የአቀባበራቸው ሥርዓት የክርስቲያንም የእስላምም አይደለም። ሆኖም ለብቻቸው ተነጥለው አልኖሩም። በሰሜን በኩል የክርስቲያኑ መንግሥት ነበር፤ ከደጋው በታች በይፋት በኩል ደግሞ የሙስሊም ከተሞች ነበሩ።

ጎረቤትነታቸው በመቃብሮቹ ውስጥ ይታያል። ከሟቾቹ ጋር በጥንቃቄ የተሠሩ ጥቁር የሸክላ ዕቃዎች፣ የብረት ዕቃዎችና አምባሮች ተገኝተዋል፤ ከሁሉም በላይ ግን ብዙ ጨሌና ቀይ የድንጋይ ዶቃ። የብርጭቆ ጨሌ መንዝ ላይ አይሠራም። ባሕር ተሻግሮ፣ ቆላውን በነጋዴ ጭነት አልፎ፣ ዳገቱን ወጥቶ የመጣ ነው። ያ ሁሉ መንገድ የመጣ ጌጥ አንገት ላይ እንዳለ አፈር ለብሷል። እኛም ብንሆን የምንወደውን ሰው ስንቀብር ያለንን አንሰስትም።

እንዴት ይለያል?

ገበሬ ከእርሻው ለቅሞ የሚጥለው ድንጋይ ብዙውን ጊዜ ከማሳ ዳር ልቅ ሆኖ ይከመራል። መቃብሩ ግን ክብ ነው፤ ድንጋዩና አፈሩ አንድ ላይ ተጠቅጥቋል። ብዙ ጊዜ ከሩቅ በሚታይ ከፍታ ላይ ይቀመጣል፤ ሌሎች መሰሎቹም በአቅራቢያው ይኖራሉ። ከሥሩ ጉድጓድ ወይም በድንጋይ የተሠራ ክፍል አለ። ጠጠር ጉር በተባለው ጉብታ ውስጥ በትላልቅ ጠፍጣፋ ድንጋዮች የተሠራ ክፍልና ወደ እሱ የሚያስገባ መተላለፊያ ተገኝቷል፤ የተቀበረበትም ሰው አንድ ብቻ አልነበረም። አናቱ የጎደጎደ ክምር ካያችሁ ወይ ውስጡ ተደርምሷል፣ ወይ ሰው ቆፍሮታል።

ስለ ቆፋሪ ካነሣሁ አንድ የማልረሳው ሰው አለ። በነርስነት ገጠር ስሠራ አንድ ጎልማሳ በቃሬዛ አመጡልኝ። ወርቅ ፍለጋ ጉብታ ሲቆፍር ድንጋዩ ተንዶ እግሩን ሰብሮታል። ስብራቱን በእንጨት ደግፌ እያሰርኩ «ለመሆኑ ምን አገኘህ?» አልኩት። «ገልና አጥንት፤ ጣልኩት» አለኝ።

ያኔ ያዘንኩት ለእግሩ ብቻ ነበር። ዛሬ ለአጥንቱም አዝናለሁ። አጥንት ለሚያነበው ሰው ብዙ ይናገራል። የዳሌ አጥንት ሴት ይሁን ወንድ ያሳያል። የረጃጅም አጥንቶች ጫፍ ገና አለመግጠሙ ልጅ እንደነበር ይናገራል። ጥርስ ስለ ምግቡ፣ የጠገገ ስብራት ደግሞ ሰውዬው ተሰብሮ እስኪድን ያስታመመው ሰው እንደነበረ ይጠቁማል። ከሰል ወይም አጥንት ከነበረበት ቦታ በጥንቃቄ ሲወሰድ ዘመኑ በላቦራቶሪ ይለካል።

ይህ ሁሉ የሚሆነው ግን ነገሩ በቦታው ሲገኝ ነው። በሽተኛ ካርዱ ከጠፋ እንደገና ጠይቀን እንጽፋለን። ከክምሩ ሥር ያለውን ሰው ግን እንደገና መጠየቅ አይቻልም። ድንጋዩን ያነሣ፣ ዶቃውን የለቀመ ሰው የመጨረሻውን ካርድ ቀደደ ማለት ነው።

ከደቡብ በኩል የጢያ ትክል ድንጋዮችም የመቃብር ምልክት ናቸው። 36 ናቸው፤ በ1980 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ ተመዝግበው ሰው ከሩቅ አገር መጥቶ ያያቸዋል። የመንዝ ክምሮች እንደ ጢያ ቆመው ስለማይታዩ ብቻ ለጉሮኖና ለአጥር ይሄዳሉ።

ወንድሜ ዝም ብሎ ሲሰማ ቆየና «ታዲያ በጎቹ የት ይደሩ?» አለ። ጥያቄው ትክክል ነው። መሬቱ ጠባብ ነው፣ ድንጋይ መሸከም ከባድ ነው፣ ብርዱም የመንዝ ብርድ ነው። በማግስቱ ከጎረቤት አህያ ተውሶ ከወንዝ ዳር ድንጋይ ማመላለስ ጀመረ። ጉሮኖው ሦስት ቀን ዘግይቶ አለቀ። ከጉብታው ያነሣቸውን ጥቂት ድንጋዮች ግን መመለስ አልተቻለም፤ ከየት እንደተነሡ ማንም አያውቅም።

የልጅ ልጄም በበኩሉ ኪሱን ፈተሸ። ከጉብታው ሥር ያገኛትን ከሽምብራ የማትበልጥ ቀይ ዶቃ አወጣ። አልተቆጣሁትም። ከየት እንዳነሣት ሄዶ አሳየኝ፤ ቦታውን ጽፈን ዶቃዋን ለወረዳው የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት አስረከብን።

ሕጉም ይህን ይላል። በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት በአጋጣሚ ቅርስ ያገኘ ሰው ለባለሥልጣኑ ማሳወቅ፣ እስኪረከበውም ድረስ ባለበት ጠብቆ ማቆየት አለበት። ለልጆች ሲነገር ግን ከዚህ ማጠር ይችላል፦ እዩት፣ አትውጡበት፣ ምንም አታንሡ፣ ያያችሁትን ለትልቅ ሰው ንገሩ።

አያቶች ደግሞ አንድ ነገር እንጨምር። «አትንኩት» ብለን አንዝጋው። ለምን እንደማይነካም እንንገራቸው።