ክብደት፣ ቁመትና ካሬ፦ ቢ.ኤም.አይ. ምን ይነግረናል?

በጉለሌ የእጽዋት ማዕከል አንድ ባሕር ዛፍና አንድ ወይራ በእኩል ቁመት ቆመው ብናገኝ፣ ክብደታቸው እኩል ይሆናል ብለን አንጠብቅም፤ ቅርጻቸው ይለያያልና። የሰው አካልም እንዲሁ ነው። ታዲያ ክብደትንና ቁመትን ብቻ ይዘን ስለ አንድ ሰው ጤንነት ምን ያህል መናገር እንችላለን?

ቢ.ኤም.አይ. የሚባለው ልኬት የሚገኘው በኪሎ ግራም የተለካን ክብደት በሜትር ለተለካ ቁመት ካሬ በማካፈል ነው። ቁመቱ 1.70 ሜትር፣ ክብደቱ 60 ኪሎ ግራም ለሆነ ሰው ውጤቱ 60 ÷ 2.89 = 20.8 ገደማ ይሆናል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂዎች ባወጣው ምደባ ከ18.5 በታች ከሲታነትን፣ ከ18.5 እስከ 24.9 ተስማሚ ክብደትን፣ 25ና ከዚያ በላይ ከመጠን ያለፈ ክብደትን፣ 30ና ከዚያ በላይ ደግሞ የጤና ችግር የሚያስከትል ውፍረትን ያመለክታል።

ለምን ካሬ?

ሰዎች ሁሉ ቅርጻቸው አንድ ሆኖ በመጠን ብቻ ቢለያዩ ኖሮ፣ ክብደታቸው በቁመታቸው ኩብ ልክ ባደገ ነበር። ነገር ግን ረጅም ሰው የአጭር ሰው ግልባጭ አይደለም፤ ወርዱ በቁመቱ ልክ አይጨምርም። ቤልጂየማዊው የሥነ ፈለክና የስታቲስቲክስ ሊቅ አዶልፍ ኬትሌ እ.ኤ.አ. በ1830ዎቹ የአዋቂዎች ክብደት ከቁመት ካሬ ጋር ተቀራርቦ እንደሚያድግ አስተዋለ። እንግዲህ ካሬው ከብዙ ሰዎች ልኬት የተገኘ አማካይ ግንኙነት እንጂ እንደ ስበት ሕግ ያለ የተፈጥሮ ሕግ አይደለም።

ቁጥሩ የማይነግረን

ሚዛን ጡንቻን ከስብ አይለይም። የድንበር ቁጥሮቹም ለሁሉም ሕዝብ እኩል አይሠሩም። በብዙ የእስያ ሕዝቦች ዘንድ የስኳር በሽታና የልብ ሕመም ሥጋት ከ25 በታችም ስለሚጨምር፣ የዓለም ጤና ድርጅት ባለሙያዎች እ.ኤ.አ. በ2004 ለእነርሱ 23ንና 27.5ን ተጨማሪ የማስጠንቀቂያ ነጥቦች አድርገው አቀረቡ።

በአገራችን ጥያቄው በሌላኛው ጫፍም ይነሣል። እ.ኤ.አ. በ2016 በተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ፣ ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ከሆኑ ሴቶች 22 በመቶው ከ18.5 በታች፣ 8 በመቶው ደግሞ 25ና ከዚያ በላይ ነበሩ። ይህ አኃዝ የሕዝብን የምግብ ሁኔታ ለመከታተል እጅግ ይጠቅማል። ሆኖም እግራቸው ረጅም፣ ግንዳቸው አጭር በሆነ ሰዎች ዘንድ፣ ለምሳሌ በአንዳንድ የቆላ አርብቶ አደሮች፣ ያለ ረኀብም ቁጥሩ ዝቅ ሊል ይችላል፤ እግር በእኩል ርዝመት ከግንድ ያነሰ ክብደት አለውና።

በተቃራኒው፣ ቁጥሩ ተስማሚ የሆነለት ሰው በሆዱ ዙሪያ ስብ ያከማች ይሆናል። ስለዚህ የወገብን ዙሪያ መለካት ይበጃል፤ ከቁመታችን ግማሽ ባይበልጥ ይመረጣል።

በጥቅሉ ቢ.ኤም.አይ. ምርመራ እንድንጀምር የሚጠቁመን ልኬት ነው፤ ፍርዱ ግን ሌሎች ልኬቶችንና የሐኪምን አስተያየት ይሻል።