የሁለት ቡድን ጉልበት ሲደመር፦ የእህል በረንዳ ሒሳብ

በመርካቶ እህል በረንዳ ጤፍ የጫነ መኪና ከመጋዘን ደጃፍ ሲቆም ነጋዴውም፣ ደላላውም፣ ሾፌሩም የሚጠይቁት አንድ ነገር ነው፦ «በስንት ሰዓት ይራገፋል?» ይህ ጥያቄ በፈተና ወረቀት ላይ ሲቀርብ ብዙ ተማሪዎችን የሚያስቸግረው የሥራና የጊዜ ሒሳብ ነው። ለስሌት እንዲመቸን ቁጥሮቹን እኛው እንምረጥ። መኪናው 120 ኩንታል ጭኗል እንበል። አንደኛው የጫኝና አውራጅ ቡድን ብቻውን ቢሠራ በ2 ሰዓት፣ ሁለተኛው ደግሞ በ3 ሰዓት ያወርደዋል። ሁለቱ በአንድነት ቢሠሩስ?

2ንና 3ን ደምሮ ለ2 በማካፈል «ሁለት ሰዓት ተኩል» የሚል ተማሪ ጥቂት አይደለም። መልሱ ስህተት መሆኑን ለማወቅ ግን ስሌት እንኳ አያስፈልግም። አንደኛው ቡድን ብቻውን በ2 ሰዓት የሚጨርሰው ሥራ ረዳት ሲጨመርለት 2 ሰዓት ተኩል ከፈጀ፣ ረዳቱ የመጣው ሊያግዝ ሳይሆን ሊያደናቅፍ ነው ማለት ነው። እንዲያውም እርሳስ ከማንሳታችን በፊት መልሱን ከሁለት ወገን ማጠር እንችላለን። ሁለቱም እንደ ፈጣኑ ቢሠሩ 1 ሰዓት፣ ሁለቱም እንደ ዘገምተኛው ቢሠሩ 1 ሰዓት ተኩል ይፈጅባቸው ነበር። ስለዚህ ትክክለኛው መልስ በእነዚህ መካከል መገኘት አለበት። ይህን ማጠሪያ የለመደ ተማሪ በዚህ ዓይነት ጥያቄ ብዙ አይሳሳትም።

የስህተቱ ምንጭ ጊዜን እንደ ጉልበት መቁጠር ነው። የሁለቱ ቡድኖች ጊዜ አይደመርም፤ የሚደመረው የሥራ ፍጥነታቸው ነው። አንደኛው በሰዓት 60፣ ሁለተኛው 40 ኩንታል ያወርዳል፤ በአንድነት 100። 120 ለ100 ሲካፈል 1.2 ሰዓት፣ ማለትም 1 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ይሆናል። የጭነቱ ብዛት ባይነገረንም መኪናውን እንደ 1 ሙሉ ሥራ ቆጥረን 1/2 + 1/3 = 5/6 እንላለን። በአንድ ሰዓት የሥራው 5/6 ከተሠራ ሙሉው የሚያልቀው በ6/5 ሰዓት ነው። በትይዩ የተያያዙ የ2 ኦምና የ3 ኦም ሬዚስተሮች በአንድነት 1.2 ኦም የሚሆኑትም በዚሁ ስሌት ነው።

ጥያቄው እጅግ ጥንታዊ ነው። በቻይና በሃን ሥርወ መንግሥት ዘመን በተጠናቀረው «ዘጠኙ ምዕራፎች» በተሰኘው የሒሳብ መጽሐፍ ውስጥ አምስት ቦዮች ስለሚሞሉት ኩሬ የሚጠይቅ ችግር ይገኛል። ቦዮቹ ለየብቻቸው በ1/3፣ በ1፣ በ2.5፣ በ3 እና በ5 ቀን ይሞሉታል። መልሱ የአንድ ቀን 15/74 ነው፤ አንባቢ ፍጥነቶቹን ደምሮ ያረጋግጥ።

ወደ በረንዳው እንመለስ። ሁለተኛው ቡድን ግማሽ ሰዓት ዘግይቶ ቢደርስስ? እስከዚያ አንደኛው 30 ኩንታል አውርዷል። የቀረው 90 በሰዓት 100 እየተባለ በ54 ደቂቃ ያልቃል፤ ጠቅላላው 1 ሰዓት ከ24 ደቂቃ ይሆናል። እዚህ ላይ ጉዳዩ ከፈተና ነጥብ አልፎ የእንጀራ ጉዳይ ይሆናል። ለማውረጃ በኩንታል 10 ብር ታስቦ 1200 ብር በአንድነት ተከፈለ እንበል። እኩል ቢካፈሉ 600፣ 600 ይደርሳቸዋል። በሠሩበት ሰዓት ልክ ይሁን ከተባለ ክፍፍሉ 14 ለ9 ሆኖ አንደኛው 730 ብር ገደማ ያገኛል፤ ይህ ፍትሐዊ ቢመስልም የፍጥነታቸውን ልዩነት ይዘነጋል። አንደኛው በ1.4 ሰዓት 84 ኩንታል፣ ሁለተኛው በ0.9 ሰዓት 36 ኩንታል አውርደዋልና በሥራቸው መጠን 840 እና 360 ብር ይገባቸዋል። እኩል የተካፈሉ ዕለት አንደኛው ቡድን 240 ብር ተጎዳ ማለት ነው።

ይህ ሁሉ አንድ ሳይነገር የታለፈ ግምት አለው፦ ቡድኖቹ አይተጋገዱም የሚል። ፈረንሳዊው የእርሻ መሐንዲስ ማክስ ሪንገልማን እ.ኤ.አ. በ1913 ባሳተመው ሠንጠረዥ ስምንት ሰዎች በአንድነት ሲሠሩ የሚሰጡት ጉልበት የነጠላ አቅማቸውን ድምር ግማሽ ያህል ብቻ ሆኖ ሰፍሯል። በጠባብ የመጋዘን በርም ተመሳሳይ ነገር ይከሰታል። በሩ በሰዓት ከ80 ጆንያ በላይ የማያሳልፍ ከሆነ፣ የቡድኖቹ ፍጥነት ድምር 100 መሆኑ አይጠቅምም፤ ከመጀመሪያው አብረው ቢሠሩ እንኳ መኪናው የሚራገፈው በ1 ሰዓት ተኩል ነው። ያን ጊዜ የየቡድኑን ድርሻ ከፍጥነታቸው ማስላት አይቻልም። በሩ ላይ ቆሞ የእያንዳንዱን ጆንያ መቁጠር ግድ ይላል።