የመኪና ስፒከር መለወጥና የጋቢና ጩኸት፦ ለጤና ባለሙያዎች የቀረበ ማብራሪያ

በጩኸት ምክንያት ስለሚመጣ የመስማት ጉዳት ሲነሣ በአብዛኛው የሚታሰበው የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ፣ የብረታ ብረት ሥራ ወይም የድንጋይ መፍጫ ነው። የረጅም ርቀት አሽከርካሪ ግን የሥራ ቦታው ጋቢናው በመሆኑ፣ ቀኑን ሙሉ ከሞተር፣ ከጎማ፣ ከነፋስና ራሱ ከሚከፍተው ሙዚቃ ጋር በጠባብ ክፍል ውስጥ የሚውል ሠራተኛ ነው። ከእነዚህ የድምፅ ምንጮች መካከል አሽከርካሪው በእጁ ሊያስተካክለው የሚችለው የመጨረሻውን ብቻ ሲሆን፣ ብዙውን ጊዜም የሚያስተካክለው ከፍ በማድረግ ነው።

በሰሜን አሜሪካ በሚሸጡ ዘመናዊ ፒክአፖች ላይ ከዚህ የተለየ ጉዳይ ተጨምሯል። በእነዚህ መኪናዎች ላይ ስፒከሩ የሙዚቃ ዕቃ ብቻ መሆኑ ቀርቶ የሞተሩን ጩኸት ለማጥፋት የሚያገለግል መሣሪያም ሆኗል። ስለሆነም ባለቤቱ የተሻለ ሙዚቃ ፈልጎ የፋብሪካውን ስፒከር በሌላ ሲተካ፣ ሳያውቀው የጩኸት መከላከያውንም ይነካል። ውጤቱ አንዳንድ ጊዜ ምንም አይደለም፤ አንዳንድ ጊዜ ግን ጋቢናው ከቀድሞው ይልቅ የሚጮህ ይሆናል። ራስ ምታት፣ ድካም ወይም «ጆሮዬ ውስጥ ያጉረመርማል» የሚል ቅሬታ ይዞ የሚመጣን አሽከርካሪ የሚመረምር ባለሙያ የነገሩን አሠራር በመጠኑ ቢረዳ ይጠቀማል።

ድምፅ ድምፅን የሚያጠፋው እንዴት ነው?

ድምፅ በአየር ውስጥ የሚጓዝ የግፊት ሞገድ ነው። አንዱ ሞገድ ከፍ በሚልበት ቅጽበት ሌላው በእኩል መጠን ዝቅ ቢል፣ ሁለቱ በተገናኙበት ቦታ ይጣፋሉ። ይህ አሳብ አዲስ አይደለም፤ ጀርመናዊው ፓውል ሉዌግ እ.ኤ.አ. በ1936 በአሜሪካ የፈጠራ መብት አግኝቶበታል። ይሁን እንጂ ስሌቱን በሚፈለገው ፍጥነት የሚሠራ ኤሌክትሮኒክስ እስኪገኝ ድረስ ዓሥርተ ዓመታት አልፈዋል፤ የቦዝ ኩባንያ ለአውሮፕላን አብራሪዎች የሚሆነውን የጆሮ ማዳመጫ ለገበያ ያቀረበው እ.ኤ.አ. በ1989 ነበር። ጄኔራል ሞተርስ እ.ኤ.አ. በ2010 ሞዴል ኢክዊኖክስና ቴሬይን መኪናዎቹ ላይ የተከለው ሥርዓት ዓላማው ቅንጦት ሳይሆን ነዳጅ መቆጠብ ነበር። ሞተር በዝቅተኛ ዙር ሲሠራ ነዳጅ ይቆጥባል፤ ነገር ግን በጋቢናው ውስጥ ወፍራም ጉምጉምታ ይፈጥራልና ይህን ጉምጉምታ በስፒከር ማጥፋት አስፈለገ። ስምንት ሲሊንደር ያላቸው ፒክአፖች ጭነት በማይኖርበት ጊዜ ከስምንቱ አራቱን ብቻ እንዲያሠሩ ሲደረግም ተመሳሳይ ችግር ይከሰታል።

ቁጥሩን መከተል ለጉዳዩ ግንዛቤ ይጠቅማል። በደቂቃ 1,500 ጊዜ የሚዞር ሞተር በሰከንድ 25 ጊዜ ይዞራል። ባለ አራት ምት ሞተር ውስጥ እያንዳንዱ ሲሊንደር በሁለት ዙር አንድ ጊዜ ስለሚያቃጥል፣ ስምንቱም ሲሠሩ በሰከንድ 100 ፍንዳታ፣ አራቱ ብቻ ሲሠሩ ደግሞ 50 ፍንዳታ ይኖራል። በሌላ አነጋገር ዋናው የሞተር ድምፅ ከ100 ወደ 50 ኸርዝ ይወርዳል። የ50 ኸርዝ ሞገድ ርዝመት ወደ ሰባት ሜትር ገደማ ሲሆን ከጋቢናው ርዝመት እጅግ ይበልጣል፤ በመሆኑም የሾፌሩና የጎን ተሳፋሪው ጆሮ በአንድ ጊዜ ተመሳሳይ ግፊት ያገኛሉ፤ ማጥፋቱም ይሳካል። የ1,000 ኸርዝ ሞገድ ግን 34 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። ራስን ትንሽ ዘወር ማድረግ ብቻ ሞገዱን ከመከላከያው ሞገድ ጋር ያለያየዋል። የጋቢና ጩኸት ማጥፊያ በወፍራም ድምፅ ላይ ብቻ የሚሠራው፣ የነፋስንና የጎማን ፉጨት ግን የማይነካው በዚህ ምክንያት ነው።

ስፒከሩ ሲለወጥ

ሥርዓቱ በጣሪያው ጨርቅ ውስጥ የተሸሸጉ ማይክሮፎኖች፣ የሞተሩን ዙር የሚያነብ ሽቦ፣ አንድ አነስተኛ ኮምፒዩተርና የመኪናውን ስፒከሮች ያካትታል። ኮምፒዩተሩ ከስፒከር የወጣ ድምፅ ማይክሮፎኑ ዘንድ ሲደርስ ምን ያህል እንደሚዘገይና ምን ያህል እንደሚደክም የሚገልጽ መረጃ አስቀድሞ ተሞልቶለታል። መረጃው የተለካው በፋብሪካው ስፒከር፣ በፋብሪካው ማጉያና በፋብሪካው ወንበር ነው። አዲስ ስፒከር ሲገባ መረጃው ሐሰት ይሆናል፤ ኮምፒዩተሩ ግን ይህን አያውቅም።

ሁለት ዓይነት ስሕተት ሊፈጠር ይችላል። የመጀመሪያው የመጠን ነው። መከላከያው ድምፅ ከጩኸቱ ጋር እኩል በመሆን ፈንታ እጥፍ ቢሆን፣ ከሁለቱ ግጭት የሚተርፈው ከመጀመሪያው ጩኸት ጋር እኩል ነው፤ ከእጥፍ ካለፈ ደግሞ ጩኸቱ ይጨምራል። ተጨማሪ ማጉያ ከፋብሪካው መሥመር ላይ ሲቀጠል የሚሆነው ይኸው ነው፤ ማጉያው ሙዚቃውን ብቻ ሳይሆን በዚያው ሽቦ የሚመጣውን የመከላከያ ድምፅም ያጎላል። ሁለተኛው የጊዜ ነው። ሞገዱ ከተገቢው ቦታ በ60 ዲግሪ ቢስት ሥርዓቱ ፈጽሞ የማይጠቅም ይሆናል፤ ከዚያ ካለፈ ይጎዳል። የስፒከሩ ሁለት ሽቦዎች ተገላብጠው ሲታሰሩ ስሕተቱ 180 ዲግሪ ነው፤ ከዚህ የሚከፋ የለም። ማጥፋት የነበረበት ድምፅ ከጩኸቱ ጋር ተደምሮ ወደ ስድስት ዴሲቤል ያህል ያሳድገዋል።

እርግጥ ነው፣ ማይክሮፎኖቹ የቀረውን ጩኸት እያዳመጡ ኮምፒዩተሩ ራሱን እንዲያርም ያደርጋሉ። መጠነኛ የሆነ ልዩነት በዚህ መንገድ ይስተካከላል፤ ስፒከሩን ብቻ በተመሳሳይ መጠንና በተመሳሳይ የኤሌክትሪክ መቋቋም በሌላ የለወጠ ሰው ብዙ ጊዜ ምንም ችግር የማያየው ስለዚህ ነው። የጊዜው ስሕተት ከ90 ዲግሪ ሲያልፍ ግን እርማቱ ራሱ ወደ ተሳሳተ አቅጣጫ ይሄዳል፤ ኮምፒዩተሩ «ጩኸቱ አልጠፋም» እያለ መከላከያውን ይጨምራል፣ የጨመረው ሁሉ ደግሞ ጩኸት ይሆናል። አሽከርካሪው የሚሰማው በአንድ የተወሰነ የሞተር ዙር ላይ የሚነሣ፣ ደረትን የሚጫን ጉምጉምታ ነው።

ይህን ጉምጉምታ ከእውነተኛ የጆሮ ጩኸት ለመለየት ጥቂት ጥያቄዎች በቂ ናቸው። የመኪናው ድምፅ ከሞተሩ ዙር ጋር ይመጣል፣ ይሄዳል፤ ሬዲዮው ቢዘጋም በአብዛኞቹ መኪናዎች ላይ አይቆምም፣ ምክንያቱም ሥርዓቱ ከሬዲዮው ተለይቶ ይሠራል። ሞተሩ ሲጠፋ ግን ወዲያው ይጠፋል። የጆሮ ጩኸት በአንጻሩ ሞተሩ ከጠፋ በኋላ፣ በተለይም ሌሊት በጸጥታ ውስጥ፣ ጎልቶ ይሰማል፤ በጩኸት ጉዳት የሚመጣው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ቀጭን ፉጨት እንጂ ወፍራም ጉምጉምታ አይደለም። የመጀመሪያው መፍትሔ ያለው ስፒከሩን በገጠመው ባለሙያ ዘንድ ነው፤ ሽቦውን ማስተካከል፣ ካልሆነም የጩኸት ማጥፊያውን ክፍል ማላቀቅ ይቻላል። ማላቀቁ ጋቢናውን ወደ ተፈጥሮ ጩኸቱ ከመመለስ በቀር ሌላ ጉዳት የለውም።

ይህ ሥርዓት ጆሮን ይጠብቃልን?

መልሱ በአመዛኙ «አይጠብቅም» ነው፤ ሻጮች በሚያቀርቡት ማስታወቂያ መታለል አይገባም። የጆሮ ጉዳት የሚገመተው «ኤ» በተባለው ሚዛን በተመዘነ ዴሲቤል ነው። ይህ ሚዛን የሰው ጆሮ ለወፍራም ድምፅ ያለውን ድክመት በመከተል ከ100 ኸርዝ ድምፅ ላይ 19፣ ከ50 ኸርዝ ድምፅ ላይ ደግሞ 30 ዴሲቤል ይቀንሳል። ስለዚህ የሞተሩ ጉምጉምታ ሙሉ በሙሉ ቢጠፋ እንኳ በመለኪያው ላይ የሚታየው ለውጥ እምብዛም ነው። የውስጥ ጆሮን ጸጉራም ሕዋሳት የሚጎዳው በዋናነት የመካከለኛውና የቀጭኑ ድምፅ ጉልበት ሲሆን፣ ማጥፊያው እርሱን አይነካውም።

ነገር ግን በተዘዋዋሪ መንገድ የሚያስገኘው ጥቅም አለ። ወፍራም ድምፅ ከእርሱ በላይ ያሉትን ቀጫጭን ድምፆች የመሸፈን ባሕርይ ስላለው፣ ጉምጉምታ በበዛበት ጋቢና ውስጥ ንግግርና ሙዚቃ ይደበዝዛሉ፤ አሽከርካሪውም ድምፁን ከፍ ያደርጋል። ጉዳቱ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

ለምሳሌ ያህል የጋቢናው ጩኸት 78 ዴሲቤል ሆኖ አሽከርካሪው ሙዚቃውን 84 ላይ ቢያዳምጥ፣ የሁለቱ ድምር 85 ዴሲቤል ይሆናል። የአሜሪካ ብሔራዊ የሥራ ደኅንነትና ጤና ተቋም ለስምንት ሰዓት የሚመክረው ከፍተኛ ወሰን ይኸው 85 ሲሆን፣ በየሦስት ዴሲቤሉ ጭማሪ የሚፈቀደው ሰዓት በግማሽ ይቀንሳል። በአሜሪካ ሕግ የጭነት መኪና አሽከርካሪ በአንድ ፈረቃ እስከ 11 ሰዓት መንዳት ስለሚችል፣ የተጠቀሰው ሰው ከሚመከረው የቀን መጠን 137 በመቶ ገደማ ይቀበላል ማለት ነው። የበር ጎማዎችን በማደስና መስኮት በመዝጋት ጩኸቱ ወደ 75 ቢወርድ፣ ሙዚቃውም አብሮ ወደ 81 ቢወርድ፣ ድምሩ 82 ይሆናል፤ የ11 ሰዓቱ መጠንም ወደ 69 በመቶ ዝቅ ይላል። ሦስት ዴሲቤል በጆሮ ሲሰማ ብዙም የማይታወቅ ልዩነት ቢሆንም፣ በጆሮ ጤና በኩል ግን ግማሽ ነው።

በኢትዮጵያ መንገዶች

ከጅቡቲ ወደ መሐል አገር ጭነት የሚያመላልሱ አሽከርካሪዎች ከሚነዷቸው መኪናዎች አብዛኞቹ እንዲህ ያለ ሥርዓት የላቸውም። በእነርሱ ዘንድ ስፒከር መለወጥ የሚያጠፋው ነገር የለም፤ በነባሩ ጩኸት ላይ የሚጨምረው ግን አለ። የአፋር ቆላ ሙቀት መስኮት ያስከፍታል፤ የተከፈተ መስኮት የነፋስንና የጎማን ጩኸት ያስገባል፤ ያን ለማሸነፍ ሙዚቃው ይጨምራል። የተቀደደ ማርሚታ ወይም በወንበሩ ሥር ያለ ሞተር ክዳኑ ከላላ ችግሩ ይብሳል። ለእንዲህ ዓይነቱ አሽከርካሪ «ሙዚቃ አትስማ» ብሎ መምከር አያዋጣም፤ ሙዚቃው በረጅሙ ጉዞ ላይ ከእንቅልፍ ጋር የሚታገልበት መሣሪያው ነው። ማርሚታውን እንዲያሠራ፣ የሞተሩን ክዳንና የበሩን ጎማ እንዲያጠብቅ መምከር ግን ሙዚቃውን በራሱ ጊዜ ዝቅ ያደርግለታል። የጆሮ ማዳመጫ አማራጭ ሊሆን አይገባም፤ ሁለቱን ጆሮ ሸፍኖ መንዳት እንደ ካሊፎርኒያ ባሉ ግዛቶች በሕግ የተከለከለ ሲሆን፣ ክልከላ በሌለበትም አደገኛነቱ አያጠራጥርም።

በምርመራ ክፍል

የጩኸት ጉዳት የሚጀምረው ከ3,000 እስከ 6,000 ኸርዝ ባለው ክልል፣ በተለይም በ4,000 አካባቢ ነው፤ በኦዲዮግራም ላይ በዚያ ቦታ ስርጉድ ሆኖ ይታይና በ8,000 መልሶ ከፍ ይላል። ታማሚው በዚህ ደረጃ ላይ «ይሰማኛል፣ ግን ቃሉ አይገባኝም» ይላል። በአሜሪካ የሚኖሩ በርካታ ትውልደ ኢትዮጵያውያን የጭነት መኪና አሽከርካሪዎች ለፈቃዳቸው የሚያደርጉት የጤና ምርመራ ይህን ለጋ ጉዳት ሊስተው እንደሚችል ማወቅ ያስፈልጋል። መመዘኛው በሻለው ጆሮ ከአምስት ጫማ ርቀት በጉልህ የተንሾካሾከ ድምፅ መስማት፣ ወይም በ500፣ በ1,000 እና በ2,000 ኸርዝ አማካዩ ከ40 ዴሲቤል ያልበለጠ የመስማት መቀነስ ነው። 4,000 በመመዘኛው ውስጥ የለም። ስለዚህ ምርመራውን ማለፍ ጆሮው ደኅና ነው ማለት አይደለም፤ ጉዳቱ ወደ ንግግር ክልል ሲወርድ ደግሞ የሚያሰጋው የእንጀራ ገመዱን ነው።

ኦዲዮሜትር በሌለበት ጤና ጣቢያ የጆሮ ቱቦን ማየት፣ የ512 ኸርዝ ሹካ መጠቀምና የሹክሹክታ ሙከራ ማድረግ ይቻላል። የጆሮ ኩክ ወይም የመካከለኛ ጆሮ ሕመም አስቀድሞ መለየት አለበት። አሚኖግላይኮሳይድ መድኃኒት የወሰደ ወይም እየወሰደ ያለ አሽከርካሪ ለጩኸት ይበልጥ ተጋላጭ በመሆኑ፣ ስለዚህ ሳይጠይቁ ማለፍ አይገባም። ታሪክ ሲወሰድ ስንት ሰዓት እንደሚነዳ፣ መስኮቱን ከፍቶ ይነዳ እንደሆነ፣ ስፒከር ወይም ማጉያ መቼ እንዳስገባና ቅሬታው ከዚያ በፊት ወይስ በኋላ እንደ ጀመረ ይጠየቅ። ሙዚቃውን ማታ የተወበት መጠን ላይ ጠዋት ሞተር ሳያስነሣ ሲከፍተው ይጮህበት እንደሆነም መጠየቅ ጥሩ ነው፤ «አዎ» ካለ ሁለት ምክንያት ይኖረዋል፤ ማታ የጋቢናው ጩኸት ሙዚቃውን አስጨምሮት ነበር፣ ምናልባትም ጆሮው በጊዜያዊነት ደክሞ ነበር።

ኦዲዮግራም የሚታዘዝለት ከሆነ፣ ከጉዞ እንደ ገባ የሚደረግ ምርመራ ጊዜያዊውን ድካም ከዘላቂው ጉዳት ጋር ስለሚቀላቅል፣ ቀጠሮው ቢያንስ 14 ሰዓት ከጩኸት ርቆ በቆየበት ጠዋት ላይ ይያዝለት።