የደከመውን እጅ አትሳቡ! ስትሮክ የመታውን ሰው ከአልጋ ወደ ወንበር ስናነሳ



ሺሺንዳ ውስጥ ስትሮክ መቷቸው ከሆስፒታል የወጡ እናት ቤት ሄጄ ነበር። ግራ ጎናቸው አይታዘዝም፤ መድኃኒታቸውን ግን በሰዓቱ ይወስዳሉ፣ ደም ግፊታቸውም ጥሩ ነው። ቡና ሊፈላ ሲል ልጃቸው "እማዬ፣ ነይ ቁጭ በይ" አለና የደከመውን እጃቸውን ይዞ ሳብ አደረጋቸው። "ወይኔ ትከሻዬን!" ብለው ጮኹ። ልጁ ምን ያድርግ? ማንም አላሳየውም። ማሳየት የነበረብን እኛ ባለሙያዎቹ ነን።

ትከሻን ቦታው ላይ አጥብቀው የሚይዙት በዋናነት ጡንቻዎች ናቸው። ስትሮክ ሲያላላቸው የክንድ አጥንቱ ከመገጣጠሚያው ወደ ታች ዝቅ ሊል ይችላል። ያንን እጅ መሳብ ወይም ብብት ስር ገብቶ ማንሳት ለወራት የማይለቅ ሕመም ሊያመጣ ይችላል።

መጀመሪያ ወንበሩን እናስተካክል። ዱካ አይሆንም፣ በጣም ዝቅ ይላል። መደገፊያና የእጅ ማሳረፊያ ያለው ይሁን። የፕላስቲክ ከሆነ ከግድግዳ ጋር አስጠጉት፤ አለዚያ ሲደገፉት ይሸሻል። የሚቀመጠው በደህናው ጎን በኩል፣ ከአልጋው አጠገብ ትንሽ ሰያፍ ሆኖ ነው። ወለሉ ደረቅ ይሁን (የከፋን ዝናብ የምታውቁ ታውቃላችሁ)። ካልሲ ብቻ ያንሸራትታል፣ ነጠላ ጫማ ደግሞ ይወልቃል።

ከዚያ በጎናቸው አዙራችሁ፣ እግራቸውን አውርዳችሁ አልጋው ጫፍ ላይ አስቀምጧቸው። እዚህ ጋ አትቸኩሉ! ተኝቶ የቆየ ሰው ድንገት ሲነሳ ግፊቱ ሊወርድ ይችላል። ሁለት ሦስት ደቂቃ ጠብቁና "እማማ፣ ያዞርዎታል?" በሏቸው። ካዞራቸው መልሳችሁ አስተኟቸው። ጫፉ ላይ ሚዛን ጠብቀው መቀመጥ ካልቻሉ ብቻችሁን አትሞክሩ።

ወገባቸው ላይ ሰፋ ያለ መቀነት አጥብቃችሁ እሰሩ፤ የምትይዙት እሱን ነው። እግራቸው መሬቱን ይርገጥ፣ ተረከዛቸው ከጉልበታቸው ትንሽ ወደ ኋላ ይግባ። እናንተ ፊት ለፊት እግራችሁን ከፈት፣ ጉልበታችሁን አጠፍ አድርጋችሁ ቁሙ፤ የደከመውን ጉልበታቸውን በጉልበታችሁ ደግፉ። አንገታችሁን እንዲያቅፉ አትፍቀዱ፣ ወገባችሁን ትጎዳላችሁ። በደህናው እጃቸው አልጋውን ይግፉ።

ዋናው ነገር ወደ ፊት ጎንበስ ማለታቸው ነው። ጭንቅላት ወደ ፊት ሲመጣ መቀመጫ በራሱ ይነሳል። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ብላችሁ አብራችሁ ተነሱ። በትንንሽ እርምጃ ዙሩ፤ ወንበሩ ከኋላ እግራቸውን ሲነካ በደህናው እጃቸው ማሳረፊያውን ይዘው ቀስ ብለው ይቀመጡ።

ጉልበታቸው ከከዳቸው በአየር ላይ ለመያዝ አትታገሉ። ወደ ራሳችሁ አስጠግታችሁ በእግራችሁ ላይ እያንሸራተታችሁ ቀስ ብላችሁ መሬት ላይ አስቀምጧቸው። ዳሌ ወይም አከርካሪ ተሰብሯል ብላችሁ ከጠረጠራችሁ፣ ደረታቸውን ካመማቸው ወይም አዲስ ድካም ካያችሁ ግን አታንሷቸው፤ ሐኪም ጥሩ።

እኚያ እናት በሦስተኛው ሙከራ ወንበሩ ላይ ተቀመጡ። የደከመውን እጃቸውን ትራስ ላይ አሳረፍንላቸው። ልጁ ላቡን እየጠረገ "እኔ እኮ ብዙም አላነሳኋትም፣ ራሷ ነች የተነሳችው" አለኝ። እሳቸው በቀኝ እጃቸው ስኒያቸውን ይዘዋል። ለመጀመሪያ ቀን ግማሽ ሰዓት ይበቃል ብዬ ነበር፤ ሦስተኛውን ሳልጠጣ አልተኛም አሉ።