ከሶኬት ተነቅሎም የሚመታው ኮረንቲ

ከጥቂት ሳምንታት በፊት በሠፈራችን አንድ ሃምሳ አለቃ፣ በአባቱ አሮጌ የቫልቭ ራዲዮ ላይ ነፍስ ሊዘራበት ፈልጎ፣ በትርፍ ጊዜው የኃይል መስጫ መሣሪያ ሠራ። ከራዲዮው ጋር ሳያያይዝ መሣሪያውን ለብቻው ለካ። ቴስተሩ ከ300 ቮልት በላይ ማሳየቱን አይቶ በሥራው ረካ፤ ሶኬቱንም ነቅሎ እጁን ሊታጠብ ወጣ። ባለቤቱ እራት ልታቀርብ ጠረጴዛውን ስታነሣሣ ያልተሸፈኑትን ሁለት ጫፎች ነካች፤ ጮኻም ወደ ኋላዋ ወደቀች። ደግነቱ ነገሩ በጣት ቃጠሎና በድንጋጤ አለፈ። ትንሹ ልጃቸው ግን በዚያች ሰዓት ከጠረጴዛው ሥር ይጫወት ነበር።

በማግሥቱ ልጠይቃት ስሄድ «መቶ አለቃ፣ ሶኬቱ እኮ ተነቅሎ ነበር፤ ታዲያ ከየት የመጣ ኮረንቲ ነው የመታኝ?» አለችኝ። ጥያቄዋ የብዙ ቤተሰብ ጥያቄ በመሆኑ መልሱን በዚህ ዓምድ ማቅረብ ተገቢ ሆኖ አግኝተነዋል።

በየቤታችን የሚገባው ኮረንቲ 220 ቮልት ሲሆን በሴኮንድ 50 ዙር እየተመላለሰ አቅጣጫውን ይለዋውጣል። የቫልቭ ራዲዮ ግን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚፈስ፣ ከፍተኛ ቮልት ያለው ቀጥተኛ ኮረንቲ ይሻል። ስለዚህ ትራንስፎርመሩ መሣሪያውን ከግድግዳው መስመር ለይቶ የሚፈለገውን ቮልት ይሰጣል፤ አራት ዳዮዶች አቅጣጫውን አንድ ያደርጉታል፤ ኮንደንሰሩ ደግሞ የሚዋዥቀውን ኃይል አከማችቶ ያረጋዋል።

ምሥጢሩ ያለው በኮንደንሰሩ ውስጥ ነው። ትራንስፎርመሩ 220 ቮልት ሲሰጥ የማዕበሉ ጫፍ 311 ቮልት ያህል ይደርሳል፤ ኮንደንሰሩም የሚሞላው እስከዚሁ ጫፍ ድረስ ነው። ሶኬቱ ሲነቀል መግቢያው ይዘጋል እንጂ የተከማቸው አይወጣም። በወዳጃችን ቤት ራዲዮው ስላልተያያዘ ክምችቱን የሚበላ አልነበረም። እናቶች ማታ የሚያዳፍኑት እሳት ላዩ አመድ፣ ውስጡ ፍም እንደሆነ ሁሉ፣ ይህም እንዲሁ ነው። እ.ኤ.አ. በ1746 የሆላንዱ ሊቅ ፒተር ቫን ሙስኸንብሩክ በላይደን ከተማ፣ በውኃ ጠርሙስ ውስጥ የተከማቸ ኤሌክትሪክ ክፉኛ ከመታው በኋላ፣ ሙከራውን ዳግመኛ እንደማይደፍረው ወደ ፓሪስ ጽፎ ነበር።

መድኃኒቱ ርካሽ ነው። ኮንደንሰሩ 100 ማይክሮፋራድ ቢሆን በሁለቱ ጫፎቹ መካከል አንድ 100 ኪሎ ኦም ሬዚስተር ይበየዳል። ሶኬቱ ከተነቀለ በኋላ ሬዚስተሩ ክምችቱን እያፈሰሰ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ወደ ጥቂት ቮልት ያወርደዋል። መሣሪያው በሚሠራበት ጊዜ 1 ዋት ያህል ሙቀት ስለሚያርፍበት 3 ዋት የሚችል ይመረጥ። ኮንደንሰሩም 450 ቮልት የሚችል ይሁን። በመግቢያው ላይ ፊውዝ ይግባ፤ መሣሪያው በሙሉ ክዳን ባለው ሣጥን ይዘጋ። ትራንስፎርመሩን ትቶ በቀጥታ ከግድግዳው መስመር መውሰድ ግን ፈጽሞ አይገባም።

ሬዚስተርም ሊበጠስ ይችላል። ስለዚህ ሠሪው ከመንካቱ በፊት ሁልጊዜ በቴስተር ይለካ፤ በሚለካበትም ጊዜ አንድ እጁን ከመሣሪያው ያርቅ፤ ቀለበትና ሰዓቱን ያውልቅ፤ ብቻውንም አይሥራ። የቤቱ እመቤትም ድርሻ አላት፤ ክፍት መሣሪያ በማዕድ ጠረጴዛ ላይ እንዳይቀመጥ ማዘዝ መብቷ ነው። ሰው በኮረንቲ ተይዞ ብታይ አስቀድማ ማብሪያውን ታጥፋ እንጂ በባዶ እጇ አትንካው።

ካዝናውን ስለነቀለ ብቻ ጠመንጃውን ባዶ ነው ብሎ ለልጅ የሚሰጥ ወታደር የለም፤ ጥይት ጎርሶ እንደሆነ ከፍቶ ያያል። ሃምሳ አለቃውም ዛሬ መሣሪያውን በሣጥን ዘግቶ፣ ሬዚስተሩን በይዶ ጨርሷል። ራዲዮው ማታ ማታ ይናገራል። ከመክፈቱ በፊት ግን «ለክተኸዋል?» የምትለው ባለቤቱ ናት።